የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልቦለድ፣ መቼቱ ሐዋሳ፦ መሃሉ ለምን ይላላል? አባትየውስ ለምን ክፉ ብቻ ሆነ?

የሐይቅ ዳሯ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ አንድ ረቂቅ ልቦለድ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋ የ17 ዓመት ልጅ፣ ሐዋሳ የምትማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ሐኪም እንድትሆንለት ይፈልጋል። እሷ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ትመራለች፤ ልቧ ጋዜጠኝነት ላይ ነው። 11ኛ ክፍል ስትገባ ሶሻል ፈልጋ በአባቷ ግፊት ናቹራል ገብታለች። ታሪኩ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ይጀምርና የፈተናው ውጤት ሲወጣ ያልቃል።

የመጀመሪያዎቹ 60 ገጾች ይፈስሳሉ። ከዚያ እስከ ፈተናው ያለው መቶ ገጽ ግን ይደጋገማል፦ ታጠናለች፣ አባቷ ይቆጣል፣ ታለቅሳለች፣ ለጓደኛዋ ትናገራለች፣ እንደገና ታጠናለች። ረቂቁን ያነበቡ ሰዎችም አባትየው ጨካኝ ብቻ ሆኖ እንደታያቸው ነግረውኛል። ሁለቱን ችግሮች ከየት ልጀምር? በአንደኛ መደብ ይተረክ ወይስ በሦስተኛ የሚለውም ገና አልተወሰነም። ርዝመቱና ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት መደረግ ያለበትም ቢነሳ ደስ ይለኛል።

ብራና ፋቂ፦

እህቴ፣ ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው። አባትየው ክፉ ብቻ ከሆነ አንባቢው ገጽ 60 ላይ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ልጅቱ ትክክል ናት፣ አባትየው ጥፋተኛ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። መሃሉ የላላው ለዚህ ነው።

የቤተሰብ ጫና የሚከብደው ከፍቅር ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ነው። ለሚጮህ አባት መልስ መስጠት ይቻላል። ልጁ ታጠናለች ብሎ ቴሌቪዥን ለሚያጠፋ፣ ታናሽ ወንድሟን በሹክሹክታ ለሚገሥጽ፣ እንግዳ ሲመጣ «ዶክተሯ እያጠናች ነው» ብሎ በኩራት በሩን ቀስ አድርጎ ለሚዘጋ አባት ግን ምን ይመለሳል? ስለዚህ የቁጣ ትዕይንቶቹን ቁጠሪያቸው። ከሁለት በላይ ከሆኑ የተረፉትን አውጪና በምትካቸው ደግነት አስገቢ፤ ደግነቱ ግን ዋጋ የሚያስከፍለው ይሁን። ለምሳሌ ዕቁብ ይደርሰዋል፤ በገንዘቡ የሱቁን ጣሪያ ሊያድስ ነበር፤ ለእሷ ቱቶር ከፈለበት። ጣሪያው ክረምቱን ሙሉ እንዲያፈስ አድርጊ። ስንት ብር እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደተከፈለ እሷም አንባቢውም ይወቁት። ከዚያ ወዲያ ሲሚንቶው ረጠበ በተባለ ቁጥር ማንም ሳይቆጣት አንገቷን ትደፋለች። ይህ ከአሥር ስድብ ይበልጣል።

አባትየው የሚፈራውም ነገር ይኑረው፤ በአንደበቱ አይናገረው። እሱ በጊዜው ማትሪክ ተፈትኖ የቀረ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን በምልሰት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥተሽ እንዳታብራሪው። የድሮ ወረቀቱን ከሱቁ ደረሰኞች ሥር አጣጥፎ ያስቀመጠበትን ቦታ ልጅቱ በአጋጣሚ ትየው፤ ይበቃል።

አሁን ወደ መሃሉ። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ምዕራፍ 9ን ከምዕራፍ 14 ጋር ቦታ አቀያይሪ። ምንም ካልተበላሸ አንዱ ትርፍ ነው። በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ልጅቱ ልትመልሰው የማትችለው አንድ ነገር መድረስ አለበት። ከገጽ 60 እስከ 160 አራት እንደዚህ ያሉ ነገሮች ይበቁሻል። የመጀመሪያው መንፈቅ ካርድ ላይ ደረጃዋ ከ2ኛ ወደ 9ኛ ወርዶ፣ በአባቷ ፋንታ እናቷን ታስፈርማለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናትየው የምስጢሩ ተካፋይ ናት፤ ጫናው ወደ እሷም ይተላለፋል። ሁለተኛው፣ በሚኒ ሚዲያ ያቀረበችው ዝግጅት በአንድ መምህር ወይም ደንበኛ በኩል ሱቁ ድረስ ይሄዳል። ሦስተኛው ከጓደኛዋ ጋር ይሁን፤ ጓደኛዋ የሚያዳምጥ ጆሮ ብቻ ሆና ቀርታለችና የራሷን ፍላጎት ስጫት፣ ከልጅቱ ፍላጎት ጋር ይጋጭ። አራተኛውን ለአንቺ ልተወው።

አንድ ትልቅ ነገር ልጨምር። የልቦለድሽ እውነተኛ መታጠፊያ የ12ኛ ክፍል ፈተና አይደለም፤ ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለው ምርጫ ነው። እሱ ደግሞ ታሪኩ ከመጀመሩ አንድ ዓመት በፊት አልቋል። ዋናውን በር ዘግተሽ ነው አንባቢውን ያስገባሽው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወደ ምርጫው ቀን መልሺው። ስድስት ሰባት ገጽ ይበቃዋል፤ ሶሻል ብላ ልትጽፍ የነበረው እጅ እንዴት ናቹራል ብሎ እንደጻፈ እንይ። ያስገደዳት ሰው አጠገቧ ባይኖር ይሻላል። ራሷ ትጻፈው።

ከጥቁር ሰሌዳው፦

ብራና ፋቂ ስለ ምርጫው ቀን ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ዓመቱ ልናገር፤ እህታችን ታሪኩ በየትኛው ዓመት እንደሚፈጸም አልነገረችንም። ይህ ካልተወሰነ ሴራው ይፈርሳል፤ የፈተናው አሠራር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል።

እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነበር። ወደ መሰናዶ የሚገባውና ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚሄደው እዚያ ይለያል። በዚያ ዘመን የምትጽፊ ከሆነ ጫናው ሁለት ጫፍ አለው፤ ሁለቱንም ማሳየት ግድ ነው።

የ2014 ተፈታኝ ካደረግሻት ግን ሙሉ በሙሉ ሌላ መጽሐፍ ነው። እነዚያ ልጆች ፈተናውን በየትምህርት ቤታቸው አልወሰዱም። ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ዶርም አድረው፣ ስልክ ተከልክለው ነው የተፈተኑት፤ ያውም በቀጣዩ ዓመት፣ የናቹራሎቹ በጥቅምት 2015። ውጤቱ የወጣው ጥር 2015 ላይ ነው። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 3.2 ያህል ሆነ።

ይህ ለልቦለድ ምን ይሰጣል? አንደኛ፣ አባት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት ትዕይንት አይሠራም። ልጅቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውጭ ታድራለች፤ አባቷ ሊደውልላት አይችልም። ዓመቱን ሙሉ የሚያሳድዳት ድምፅ በድንገት ይቋረጣል። የልቦለዱ ከፍተኛው ቦታ እዚህ ሊሆን ይችላል፦ ጫናው በሌለበት ቦታ ራሷ ራሷን ስትጫን።

ሁለተኛ፣ ከሰኔ 2014 እስከ ጥቅምት ትምህርት አልቆ ፈተና ያልደረሰበት ባዶ ክረምት አለ። መሃሉ ላላ ብለሻል፤ ይኸውልሽ። ላላ ያልሽው መቶ ገጽ አብዛኛው በዚህ ክረምት ውስጥ መቀመጥ ይችላል። ሱቅ ላይ አባቷን ታግዛለች፣ እሱም እንደ ሠራተኛ ያያታል፤ ዋጋ ስትከራከር ጎበዝ መሆኗን ያውቃል። ሁለቱ በደንብ የሚተዋወቁት እዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ መውደቅ ትርጉሙ ይለወጣል። ክፍሉ በሙሉ ሲቀር ውርደቱ የአንድ ቤት አይደለም። አባትየው የጎረቤቱም ልጅ እንደቀረ ሲሰማ ምን ይላል? በዚያ ዓመት ደግሞ ካላለፉት የተወሰኑት በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያል የሚባለውን፣ እንዲወስዱ ተደርጓል። ስለዚህ ታሪኩን «አለፈች» ወይም «ወደቀች» ብለሽ መዝጋት አትችይም፤ መሃል ላይ የሚንጠለጠል ሦስተኛ መልስ አለ።

ጥንቃቄ የሚሹ ትንንሽ ነገሮችም አሉ። የናቹራል ተማሪ የምትፈተነው እንደ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ያሉትን ነው፤ ጂኦግራፊ ስትፈተን እንዳናይ። ብታልፍም በቀጥታ ሕክምና አትገባም፤ ከ2012 ጀምሮ መጀመሪያ የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶች አሉ፣ የትምህርት ክፍል ምደባ ከዚያ በኋላ ነው። አባትየው ውጤት በወጣ ማግስት «ልጄ ሕክምና ገባች» ብሎ ድግስ ከደገሰ የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል። ወይም ደግሞ ሳያውቅ ደግሶ ልጅቱ ልታርመው አፍራ ዝም ካለች ጥሩ ትዕይንት ይወጣዋል። ታሪኩን ወደ 2016 ካመጣሽው ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መፈተኑን አትርሺ።

ስለ ሐዋሳ አንድ ነገር ብቻ። ሐይቁን በየምዕራፉ አታምጪው። የሐዋሳ ልጅ ሐይቁን እንደ ጎብኚ አያየውም። ፍቅር ሐይቅን ለአንድ ከባድ ንግግር አስቀምጪው። ታቦር ተራራ ላይ የሚያጠኑ ልጆች፣ የባጃጅ ሒሳብ አጥሯት በእግር መሄዷ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚበላ የአባቷ ደንበኛ፣ ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ቤታቸው ዘመድ አድሮ ማጥኛ ቦታ ማጣቷ፤ እነዚህ ሥራ የሚሠሩ ቦታዎችና ቀኖች ናቸው። ፊቼ ጫምባላላን ካስገባሽ ቀኑ በየዓመቱ እንደሚለያይ አስታውሺ፤ የሲዳማ አዋቂዎች የሰማይ አካላትን አይተው ነው የሚወስኑት። የመረጥሽው ዓመት ላይ መቼ እንደዋለ አጣርተሽ ጻፊ።

የሐይቅ ዳሯ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ2014ቱን ተፈታኝ መርጫለሁ፤ ክረምቱ ብዙ ነገር ይፈታል። የትረካው መደብና ቋንቋው ቀረ። ልጆቹ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ ቀላቅለው ነው የሚያወሩት፣ አያትየዋ ደግሞ ሲዳምኛ ትናገራለች። እንዴት ላስኪደው?

ነጠላ ሰረዝ፦

አንደኛ መደብ ይሻልሻል፤ አባትየውን ለማዳንም ይጠቅማል። ልጅቱ የምታየውን ብቻ ትነግረናለች፣ አንዳንዱን ተሳስታ ትተረጉመዋለች፣ አንባቢው ግን ከእሷ ቀድሞ ይገባዋል። አባቷ ማታ ማታ ሱቅ የሚያመሸው እሷን ላለማየት ይመስላታል፤ እኛ ግን ጣሪያው እያፈሰሰ ሲሚንቶ ሲያሸጋሽግ እንደሚያመሽ ከሌላ ምዕራፍ እናውቃለን። በሦስተኛ መደብ ይህን ልዩነት ማቆየት ይከብዳል፤ ተራኪው ሁሉን ማወቁ ያጋልጠዋል።

ተራኪዋ ታሪኩን የምትነግረን ስንት ዓመት ቆይታ እንደሆነ ወስኚ። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ጥሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይታ ከሆነ በየገጹ ጥበብ ማስተማር ትጀምራለች።

በኃላፊ ጊዜ ስትጽፊ «ነበር» ይከማቻል። አንድ ገጽ ክፈቺና ቁጠሪ፤ ከአምስት ካለፈ አረፍተ ነገሮቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ እየተዘጉ ነው። «ትጠብቀኝ ነበር፣ ትስቅ ነበር» ከማለት አንዱን ቀን ይዘሽ «ጠበቀችኝ፣ ሳቀች» በይ። ልማዱን አንዴ ተናግረሽ ወደ ትዕይንት ግቢ።

የወጣት ቋንቋ ላይ፣ የሰፈር ፋሽን ቃል መጽሐፉ ሳይታተም ያረጃል። የትምህርት ቤት ቃል ግን ዕድሜ አለው፦ ሚድ፣ ወርክሺት፣ ሞዴል ፈተና፣ ዩኒት ሊደር፣ ሆምሩም፣ ወላጅ አምጪ። በእነዚህ ተማመኚ። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጻፊው፤ በአንድ ንግግር ከአንድ ሁለት ቃል አይብለጥ። አያትየዋ ሲዳምኛ ስትናገር ትርጉሙን በቅንፍ አትስጪ፤ የልጅቱ መልስ ትርጉሙን ይናገር። ቃላቱን ደግሞ ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ያንብባቸው። ሲዳምኛ የአያትና የገጠር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ የክፍሉ አንደኛ የሚወጣውም ልጅ ስልክ ላይ ከቤቱ ጋር ሲያወራበት እንስማ።

መጥሪያውን አጥብቂ። «አባዬ» ብላ «አንተ» ትለዋለች ወይስ «እርስዎ»? ከገጽ 1 ወስነሽ እንዳይዛነፍ። እሱም በደኅናው ቀን «የኔ ልጅ» የሚላትን በስሟ ብቻ ሲጠራት ቤቱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቁጣውን መግለጽ አያስፈልግሽም።

አደራ የምለው አንድ ነገር፦ ፈተና የወደቀች ልጅን ታሪክ በሞት አትዝጊው። በዕድሜዋ ያሉ ልጆች ያነቡታል፤ ሞትን መውጫ አድርጎ ማሳየት አደገኛ ነው። በጥበቡም በኩል ደራሲው ያልፈታውን ቋጠሮ መቁረጥ ነው። ተስፋ መቁረጧን ጻፊው፣ ጠልቀሽ ጻፊው፤ ግን በማግስቱ ጠዋት ከአባቷ ጋር አንድ ገበታ ላይ አስቀምጫት። ያኛው ነው ከባዱ ትዕይንት።

ፎርም ቆጣሪ፦

ስለ ርዝመቱና ስለ ኅትመቱ ያልተነሳውን ልሙላ። ለዚህ ታሪክ ከ40 እስከ 45 ሺህ ቃል ይበቃል። በኤ5 መጠን፣ በ11 ነጥብ ፊደል፣ አንድ ገጽ በግምት 220 ቃል ይይዛል፤ 200 ገጽ አካባቢ ማለት ነው። ማተሚያ ቤት ገጽን በ16 ብዜት ነው የሚያጥፈው። 192 ወይም 208 ገጽ ላይ እንዲያርፍ አድርጊ፤ 211 ከሆነ ባዶ ገጽ ትከፍይበታለሽ። ርዕስ፣ መታሰቢያና ማውጫም ከነዚህ ገጾች ይቆጠራሉ።

ከኅትመት በፊት ለሦስት ሰው ስጪ፦ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ለመምህር፣ ልጅ ላሳደገ አባት። «እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይልሻል። «የትኛው ገጽ ላይ አቁመህ ሌላ ሥራ ሄድክ?» በይ። ሁለቱ አንድ ቦታ ካቆሙ ችግሩ እዚያ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ባሉት አሥር ገጾች ውስጥ ነው።

ጽሑፉ ላይ ደግሞ ብዙ መጽሐፍ የሚያበላሸው ይህ ነው። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትተው የሚጽፉ አሉ፤ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ይሰነጠቅና ግማሹ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ፈልግና ተካ ብለሽ ሁሉንም በአንዱ ምልክት «።» ለውጪው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ምዕራፍ ካለሽም ወደ ዩኒኮድ ሳትቀይሪ አታስገቢው፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣል። ለማተሚያ ቤት የሚሄደው ፒዲኤፍ ፊደሉን አብሮ የያዘ ይሁን። ሐዋሳን አንድ ቦታ በሐ ሌላ ቦታ በሀ እንዳትጽፊም የስሞች ዝርዝር ገጽ አዘጋጂና በእሱ አርሚ።

የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (ISBN) ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው የምታወጪው። የሽፋኑ ዲዛይን ከማለቁ በፊት አውጪው፤ ባርኮዱ የጀርባው ሽፋን ላይ ቦታ ይፈልጋል። የመጽሐፉን ውፍረት የሚወስኑት የወረቀቱ ክብደትና የገጹ ብዛት ስለሆኑ ሽፋኑን የሚሠራው ሰው ሁለቱን ሳያውቅ ሥራ አይጀምር።