የካሳ ይግባኝ መጻፍ የምታውቁ፣ አግዙኝ

ለንደን ውስጥ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞርኩ እንከባከባለሁ። አንዷ የቀድሞ ወታደር ናቸው። በ1980ዎቹ ሴት ይወዳሉ ተብለው ከጦሩ ተባረሩ። ያኔ ሕጉ እንደዚያ ነበር፤ እገዳው የተነሣው ገና በጃንዋሪ 2000 ነው።

በዲሴምበር 2024 መንግሥት በእገዳው ለተጎዱ የካሳ ፕሮግራም ከፈተ። በዚህ ምክንያት የተሰናበተ 50,000 ፓውንድ ያገኛል። ለደረሰበት ምርመራ፣ እንግልትና እስር ደግሞ ከ1,000 እስከ 20,000 ፓውንድ አለ። ለእሳቸው ሁለተኛው ተፈቀደ፣ ዋናው ቀረ። የስንብት ወረቀታቸው «አገልግሎቷ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብቻ ነው የሚለው። እውነተኛውን ምክንያት መች ይጽፉታል!

ይግባኝ እንበል ስላቸው እሺ አሉ። እጃቸው ላይ አብራቸው ያገለገለች ጓደኛቸው የጻፈችው ምስክርነት አለ። መርማሪዎቹ መሳቢያቸውን በርብረው ወስደው በኋላ የመለሱላቸው የፍቅር ደብዳቤዎችም አሉ። እያንዳንዱ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበታል። ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

የጓደኛ ምስክርነት ክብደት ይሰጠዋል? የአገልግሎት ማኅደራቸው እስኪመጣ እንጠብቅ ወይስ ባለን እናስገባ? ደብዳቤዎቹን ማሳየት ያፍራሉ፤ ቁጥሩ ያለበትን ጥግ ብቻ ፎቶ አንስቶ መላክ ይቻል ይሆን? ፋይቲንግ ዊዝ ፕራይድ የሚባል እንደ እሳቸው ያሉ ወታደሮችን የሚረዳ በጎ አድራጎት አለ፤ በእሱ በኩል የሄደ ካለ ንገሩኝ።

ስብከት ግን ይቅርብኝ፣ የጠየቅኩት ስለ ወረቀቱ ነው።