ክርክር፦ የትልልቅ ዝግጅቶች የፖሊስ ጥበቃ ሂሳብ የማን ነው?

አወያይ፦
ለውይይት የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ከተማ ትልቅ ኮንሰርት፣ የእግር ኳስ ጨዋታ ወይም የጎዳና ፌስቲቫል ሲያስተናግድ፣ ለጥበቃ የሚሠማራው ፖሊስ ወጪ ከሕዝብ ካዝና ይውጣ ወይስ አዘጋጁ ይክፈል? ይካፈሉት የምትሉ ከሆነ ድንበሩ የት ነው? እባካችሁ በቁጥር ተነጋገሩ።

የከተማ በጀት ባለሙያ፦
መጀመሪያ አቆጣጠሩን እናስተካክል፤ ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የ4 ሰዓት ኮንሰርት የ4 ሰዓት ጥበቃ ማለት አይደለም። ፖሊሱ ተሰብስቦ ገለጻ ለመስማትና ሬዲዮ ለመረከብ 1 ሰዓት፣ በሮች ተከፍተው ሕዝቡ እስኪገባ 2 ሰዓት፣ ዝግጅቱ 4 ሰዓት፣ ሕዝቡ እስኪበተን 1 ሰዓት ተኩል፣ ዕቃ መልሶ ሪፖርት እስኪያስገባ ደግሞ 1 ሰዓት። ድምሩ 9 ሰዓት ተኩል። 120 ፖሊስ ከተመደበ 1,140 የሥራ ሰዓት ነው። መደበኛው ፈረቃ 8 ሰዓት ከሆነ 180 ሰዓቱ ትርፍ ሰዓት ነው፤ በአንድ ተኩል ሲታሰብ 270 ይሆናል። ከተማው የሚከፍለው በ1,230 ሰዓት ልክ ነው። «120 ሰው በ4 ሰዓት» ብሎ ያሰበ ሰው ግን 480 ብቻ ነው የያዘው።

ይህም ደመወዙ ብቻ ነው። ተሽከርካሪ፣ ነዳጅ፣ ስንቅ፣ የብረት መከለያ መትከልና ማንሳት፣ መንገድ ሲዘጋ የትራፊክ ፖሊስ፣ በዚያ ምሽት ከየሰፈሩ የተነሳውን ተረኛ የሚተካ ሰው፣ ሁሉም ለየብቻው ይመጣል። የመጨረሻው በየትኛውም ሂሳብ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ሌላ ሰፈር ሌባ ገብቶበት ስልክ ደውሎ ፖሊስ ሲዘገይ ነው። ትኬት ሸጦ ያተረፈ ድርጅት ይህን ለሕዝብ ጥሎ መሄድ የለበትም። ትርፉ ለአንድ፣ ዕዳው ለመንደር ሊሆን አይገባም።

የኮንሰርት አዘጋጅ፦
ቁጥሩን አልክድም። ግን አንድ ነገር ይታይልኝ፤ ስንት ፖሊስ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ፖሊስ ነው፣ ሂሳቡን የሚጽፈውም እሱ ነው፣ ከፋዩ ብቻ ሌላ ሰው ነው። 60 ይበቃ ነበር ብሎ የሚሟገትበት ወንበር ለአዘጋጅ አልተሰጠውም። ደግሞም አዘጋጅ ግብር ይከፍላል፣ የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል፣ በግቢው ውስጥ የግል ጥበቃና አስተባባሪ ይቀጥራል። ጎዳናው የከተማው ነው። ጎዳና ላይ የሚሰክር ሰው የእኔን ትኬት ስለያዘ የእኔ ሠራተኛ አይሆንም። ሆቴሉ፣ ታክሲው፣ ምግብ ቤቱ በዚያ ምሽት ያተርፋሉ፤ እነሱ ለምን አይጠየቁም?

የአስተዳደር ሕግ ጠበቃ፦
ይህን ሙግት ሌሎች አገሮች በፍርድ ቤት ጨርሰውታል ማለት ይቻላል፤ መልሱ ግን አንድ አይደለም። (ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ የ1996ቱ የፖሊስ ሕግ አንቀጽ 25 «ልዩ የፖሊስ አገልግሎት» የጠየቀ ወገን እንዲከፍል ይፈቅዳል። ከዚያ ሕግ በፊት በ1987 የእግር ኳስ ክለቡ ሼፊልድ ዩናይትድ ስታዲየሙ ውስጥ ለቆመው ፖሊስ እንዲከፍል ተፈርዶበት ነበር። በ2013 ግን ሊድስ ዩናይትድ ረታ፤ ክለቡ ባለቤት ባልሆነባቸው በዙሪያው ጎዳናዎችና መኪና ማቆሚያዎች ላይ ለተሠማራው ፖሊስ ክፍያ አይጠየቅም ተባለ። በ2017 ኢፕስዊች ታውን ከዚያ አለፈ፤ በጨዋታ ቀን በትራፊክ ትእዛዝ የተዘጋ መንገድም ቢሆን የሕዝብ መንገድ ነው ተብሎ ተፈረደለት። እንግዲህ እንግሊዝ ድንበሩን የስታዲየሙ ግንብ ላይ አሰመረችው።

ጀርመን ተቃራኒውን ያዘች። የብሬመን ግዛት በ2014 ባወጣው ሕግ፣ ለትርፍ የሚዘጋጅ፣ ከ5,000 በላይ ሰው የሚጠበቅበትና ካለፈው ልምድ በመነሣት ሁከት የሚያሰጋው ዝግጅት ለተጨማሪው የፖሊስ ኃይል እንዲከፍል አደረገ። በ2015 ለቬርደር ብሬመንና ለሃምቡርግ ጨዋታ ለሊጉ ማኅበር ወደ 425,000 ዩሮ የሚጠጋ ሂሳብ ተላከ። ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ የፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ጥር 14 ቀን 2025 ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም አለ። መነሻው ቀላል ነው፤ ከዝግጅቱ የሚያተርፈው ወገን ስላለ፣ ዝግጅቱ ያመጣውን ተጨማሪ ወጪ ግብር ከፋዩ ሁሉ የሚሸከምበት ግዴታ የለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለያለሁ፤ ሰላማዊ ሰልፍና ኮንሰርት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በፎርሳይት ካውንቲ ጉዳይ፣ ለሰልፍ በቀን እስከ 1,000 ዶላር ለማስከፈል ለአስተዳዳሪው ሥልጣን የሰጠውን ደንብ ውድቅ አደረገ። ሰልፈኛው የሚናገረው ተቃዋሚ ባበዛ ቁጥር የጥበቃው ወጪ ይጨምራል፤ በዚያ ልክ ማስከፈል ደግሞ ንግግሩን መቅጣት ነው። የሰልፈኞቹ ሐሳብ የሚያስቀይም ነበር፤ ቢሆንም ፍርዱ ትክክል ነው።

የሕዝብ ፍሰት መሐንዲስ፦
ድንበሩን ግንብ ላይ ማስመር ምን እንደሚያበላሽ በሂሳብ ላሳይ። ውጭ የሚታየው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ውስጥ ነውና።

20,000 ሰው ትኬት ይዟል እንበል። አንድ ፈታሽ ቦርሳና ኪስ ለማየት 15 ሰኮንድ ቢፈጅበት፣ በአንድ መስመር በሰዓት የሚያልፈው 240 ሰው ነው። ሁሉንም በ2 ሰዓት ለማስገባት 42 የፍተሻ መስመር ያስፈልጋል። አዘጋጁ ደመወዝ ለመቆጠብ 20 መስመር ብቻ ቢከፍት፣ በ2 ሰዓት የሚገባው 9,600 ነው። መድረኩ ሲጀምር 10,400 ሰው ውጭ ቆሟል። በአንድ ካሬ ሜትር 4 ሰው አድርገን ብንደረድራቸው 2,600 ካሬ ሜትር ይወስዳሉ፤ 10 ሜትር ስፋት ያለው ጎዳና ለ260 ሜትር ርዝመት ይሞላል ማለት ነው። ሙዚቃው ሲሰማ የኋላው ይገፋል፣ የፊቱ መከለያ ላይ ይጣበቃል። ያኔ ፖሊስ ይጠራል። ያ ሁሉ ኃይል የመጣው 22 ፈታሽ ስላልተቀጠረ ነው። በእንግሊዙ መስመር ግን አዘጋጁ አይከፍልም፤ ጎዳናው የሱ አይደለማ!

ሰው ደግሞ እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም፤ ብዙው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ፍተሻ ባይኖርና ትኬት ብቻ ቢታይ እንኳ የእንግሊዝ የስታዲየም ደኅንነት መመሪያ ሰው አንድ በአንድ ለሚያስገባ አንድ ዟሪ በር በሰዓት ከ660 ሰው በላይ አይቀበልም።

መውጫውም እንዲሁ ነው። በደልዳላ መሬት በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው ያልፋል ተብሎ ይታሰባል፣ በደረጃ ላይ 66። እያንዳንዳቸው 5 ሜትር የሆኑ 4 በሮች 20,000 ሰው በ12 ደቂቃ ገደማ ያስወጣሉ። «ምሽት ላይ ሠራተኛ የለም» ተብሎ ሁለቱ ተቆልፈው ከቆዩ ወደ 25 ደቂቃ ይጠጋል፤ ሕዝቡም በሁለት አቅጣጫ መበተኑ ቀርቶ አንድ ጎዳና ላይ ይፈስሳል።

ስለዚህ ክፍያው መከተል ያለበት ግንቡን አይደለም፣ መንስኤውን ነው።

የኮንሰርት አዘጋጅ፦
ለዚህ መልስ የለኝም፤ የፍተሻ መስመር ያሳነሰ ይክፈል። 42ቱን ያሟላው ግን ምን ያገኛል? ያልቆጠበውና የቆጠበው አንድ ዓይነት ሂሳብ ከተላከላቸው በሚቀጥለው ጊዜ 42 የሚከፍት ሞኝ አይገኝም።

የፖሊስ ሥምሪት ዕቅድ ባለሙያ፦
ወንድሜ ትክክለኛውን ቦታ ነክተዋል፤ ከዚያ በፊት ግን «60 ይበቃ ነበር» ያሉትን ልመልስ። ፖሊስ በነጠላ አይቀነስም። ለሕዝብ ጥበቃ የሚወጣ ኃይል በቡድን ነው የሚደራጀው። የእንግሊዙ የድጋፍ ቡድን ለምሳሌ 1 ኢንስፔክተር፣ 3 ሳጅንና 18 ወይም 21 ኮንስታብል ነው። አሥር ሰው ቀንሱ ማለት አለቃ የሌለው ግማሽ ቡድን መላክ ነው። መቀነስ የሚቻለው አንድ ሙሉ ቡድን ነው፣ እሱም የሚቻለው የዕቅዱ አንድ ክፍል ሲቀር ብቻ ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋ፣ ሁለተኛው መግቢያ ካልተከፈተ፣ ወይም የተጋጣሚዎቹ ደጋፊዎች በተለያየ ሰዓት ከገቡ።

ወጪ የሚያንረው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ፈቃዱ ዘግይቶ ሲመጣ የዕረፍት ቀን ይሰረዛል፣ የዕረፍት ቀን ሥራ ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ጨዋታ ከቀን ወደ ምሽት ሲዛወር ደጋፊው ከጠዋት ጀምሮ ይጠጣል፣ የፖሊሱ ፈረቃ ግን በአዲሱ ሰዓት ልክ ይዘረጋል። በ2021 ዌምብሌይ ላይ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ወደ 2,000 የሚጠጋ ትኬት አልባ ሰው ጥሶ ገብቷል። በኋላ የተደረገው ነጻ ምርመራ፣ ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲከማች የፖሊስ ኃይል ዘግይቶ መሠማራቱን ነቅሷል። ለኃይሉ ተከፍሏል፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ግን አልነበረም።

አሁን የምፈራውን ልናገር። ሂሳቡ ለአዘጋጁ ሲተላለፍ አዘጋጁ የሚጠብቀውን ሕዝብ አሳንሶ መናገር ይጀምራል። 20,000 የሸጠ 12,000 ብሎ ይጽፋል፣ ዕቅዱም በ12,000 ይሠራል። ገንዘብ ለማዳን የተጻፈ ቁጥር ሰው ይገድላል። ስለዚህ ስንት ፖሊስ እንደሚወጣ የሚወስነው አካልና ሂሳቡን የሚያስከፍለው አካል መለያየት አለባቸው። ቁጥሩም ከአዘጋጁ አፍ ሳይሆን ከትኬት ሽያጭ መዝገብ መወሰድ አለበት።

አዘጋጅ የሌለበትስ? በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል ኢቴዎን ሰፈር ጥቅምት 29 ቀን 2022 በሃሎዊን በዓል ሰሞን ምሽት ላይ 3.2 ሜትር ስፋት ባለው ጠባብ መተላለፊያ ሕዝብ ተጨናንቆ 159 ሰው ሞቷል። ትኬት አልነበረም፣ አዘጋጅ አልነበረም፣ ስለዚህም ዕቅድ ያስገባ አልነበረም። አካባቢው ላይ የተመደበው 137 ፖሊስ ሲሆን ትኩረቱ በዋነኛነት ወንጀል ላይ ነበር። የመጀመሪያው የጭንቅ ስልክ የተደወለው አደጋው ከመድረሱ 4 ሰዓት ገደማ አስቀድሞ ነው። «የጠየቀ ይክፈል» የሚለው መርሕ እዚህ ላይ ባዶ ነው። እንዲህ ያለውን ምሽት ከተማው በራሱ በጀት አስቀድሞ ካልያዘው ማንም አይይዘውም።

የከተማ በጀት ባለሙያ፦
እሺ፣ ከመጀመሪያ አቋሜ ትንሽ ልቀንስ። ሁሉንም አዘጋጁ ይክፈል ማለቴን ትቻለሁ። ከተማው በማናቸውም ተራ ምሽት በዚያ ሰፈር የሚያቆመው ተረኛ በነጻ ይቀጥል፤ የሚከፈለው ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ይሁን። አዘጋጁ የፍተሻ መስመር ብዛት፣ የአስተባባሪ ቁጥር (የአሜሪካ የሕይወት ደኅንነት ኮድ ለ250 ሰው 1 የሕዝብ አስተባባሪ ይላል) እና የመውጫ ስፋት ያሰፈረበት ዕቅድ አስቀድሞ ይፈርም። የፈረመውን ካሟላ ተጨማሪውን ወጪ በቅናሽ፣ ካላሟላ ሙሉውን ይክፈል። በዕለቱ በሮቹን የሚቆጥር ሰው ከከተማው ይመደብ። ለትርፍ ያልሆነ ዝግጅትና ሰላማዊ ሰልፍ ከዚህ ውጭ ነው።

የሆቴሎቹን ጥያቄ አልረሳሁም። የእነሱ ድርሻ በግብር በኩል ይመጣል፤ በምሽት ደረሰኝ ማሳደድ ከሚያስገኘው የሚያስወጣው ይበልጣል።

የኮንሰርት አዘጋጅ፦
በዚህ እስማማለሁ፣ አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። በሮች ሊከፈቱ ጥቂት ሲቀር በዝናብ ቢሰረዝስ? ፖሊሱ ወጥቷል፣ ትኬቱ ግን ተመላሽ ሆኗል። ትርፍ የለም።

የፖሊስ ሥምሪት ዕቅድ ባለሙያ፦
ፖሊሱ ገለጻ ላይ ከተገኘ ፈረቃው ተቆጥሯል፤ ወደ ቤቱ ቢመለስም ደመወዙ ወጥቷል። ቀድሞ ከተነገረን ግን ቡድኖቹን ወደ መደበኛ ሥራ እንመልሳቸዋለን፣ ትርፍ ሰዓቱም አይነሣም። ስለዚህ ውሉ ላይ የስረዛ ሰዓት በግልጽ ይጻፍ፤ ከመሰብሰቢያው ሰዓት በፊት ለተሰረዘ የመከለያና የትራንስፖርት ወጪ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ለተሰረዘ መደበኛው 8 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓቱ።

የአስተዳደር ሕግ ጠበቃ፦
ስረዛውን ያዘዘው ፖሊስ ራሱ ከሆነ ግን ያ አንቀጽ አይሠራም፤ እሱን ለብቻው ጻፉት።