ባጃጃችን ስትሞቅ ትጠፋለች፣ ካልበረደች አትነሳም። ሞተር ከማስፈታቴ በፊት ምን ልይ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነኝ። ባጃጇ የኔ ናት፣ የሚሠራባት ታናሽ ወንድሜ ነው። ባለ አራት ምት፣ ካርቡራተር ያላት፣ የቤንዚን ናት። ጠዋት ገና ስትነካ ትነሳለች። እስከ አራት ሰዓት ምንም የላትም። ፀሐይ ከበረታ በኋላ ግን፣ በተለይ ከከዚራ ሰው ጭኖ ሲመለስ፣ ተሳፋሪ ለማውረድ ሲያቆም ቀስ እያለች ዝም ትላለች። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ እሷ አትነሳም። ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ ከቆመች በኋላ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ይኸው ሦስተኛ ሳምንታችን ነው፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሰውም ሰልችቶት እየወረደ ሌላ ይይዛል።

እስካሁን ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠውን) ሁለት ጊዜ ቀይረናል። ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) አውርደን አጥበን ጂግሌሩን፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ቀዳዳ፣ በአየር ነፍተናል። ዘይትም ቀይረናል። ባትሪው ቆማ ሲለካ 12.6 ቮልት ነው፣ ሞተሩ እየሠራ 14 አካባቢ። አንድ ጋራዥ ወስደናት ነበር፣ ሳይከፍቱ ሳይለኩ ድምፅ ብቻ ሰምተው "ሞተሩ አልቋል፣ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ይቀየር፣ ሬቲፊካ ይግባ፣ ሲሊንደሩ ይሞረድ" አሉን። ጭስ የላትም። ዘይት አትበላም። ስለዚህ ልቤ አልተቀበለውም። ያን ሁሉ ብር ከማውጣቴ በፊት እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ማየት የምንችለውን ንገሩኝ። ያለን ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ቴስተር ነው።

ለገሃሬ 07፦
አቦ እህቴ ሬቲፊካውን ተይው፣ ለካንዴላው ኃይል የሚልከው ቦቢና ነው። የኔም ልክ እንደዚህ አድርጋኛለች። ቦቢና ውስጡ ቀጭን ሽቦ ነው የተጠቀለለው፣ ሲያረጅ በሙቀት ይላቀቅና እሳት መስጠት ያቆማል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይገጥማል። ለዚህ ነው ጠዋት ደህና የምትሆነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ግን የጠፋችበት ሰዓት ላይ መሆን አለበት። ጠዋት ብትለኪው ደህና ነው ይልሻል። ተጨማሪ ካንዴላ ወንድምሽ ኪሱ ይያዝ። ስትጠፋ የካንዴላውን ቆብ ነቅሎ አዲሱ ላይ ይሰካው፣ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነክቶ ሞተሪኖ ይምታ። ሰማያዊና "ጠቅ ጠቅ" የሚል እሳት ካለ ቦቢናው ነፃ ነው። ከሌለ ወይም ቀይና ደካማ ከሆነ፣ ጨርቅ አርጥቦ ቦቢናው ላይ ብቻ ሦስት አራት ደቂቃ ያስቀምጥ። ከተነሳች አገኘሽው ማለት ነው። ውሃ ሞተሩ ላይ እንዳይደፋ ብቻ፣ የጋለ ብረት ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ገንደ ቆሬ፦
ከዚያ በፊት ነፃ የሆነ ነገር ልንገርሽ። ስትጠፋ የሰርባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) ክዳን ይክፈተው። "ፍስስ" ብሎ አየር ከሳበና ቶሎ ከተነሳች፣ ክዳኑ ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል። ቤንዚን ሲወርድ በምትኩ አየር ካልገባ ታንከሩ ይታፈናል፣ ካርቡራተሩ ይደርቃል። የኛ አቧራ ምን የማይደፍነው ነገር አለ?

ሌላው፣ የኋላውን ክፈቺና ማራገቢያውን እዪ። የባጃጅ ሞተር ከኋላ ተደብቆ ስለሚቀመጥ ንፋስ በራሱ አያገኘውም፣ ማራገቢያ ነው የሚያቀዘቅዘው። እኔ ከሽፋኑ ስር የፌስታል ቁራጭና ዘይት የጠጣ አፈር አውጥቻለሁ፣ ሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት ክንፎች አይታዩም ነበር።

ሐረር ሸዋ በር፦
ሁለቱም ያሉት እውነት ነው፣ ይሞከር። እኔ ግን ቫልቩን፣ ቤንዚንና አየር የሚያስገባውንና ጭስ የሚያስወጣውን የሞተሩን በር፣ ነው የምጠረጥረው። እዚህ ሐረር ባጃጅና ሞተር ስሠራ ቆይቻለሁ፣ ሲሞቅ የሚጠፋ ሲመጣልኝ እሳትና ቤንዚን ካየሁ በኋላ ቀጥዬ የማየው እሱን ነው።

በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ብረት መሃል በጣም ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። ብረት ሲግል ይረዝማል፣ ክፍተቱ የተተወው ለዚያ ነው። ብዙ ሰው ሞተር ሲያረጅ ክፍተቱ ይሰፋል ብሎ ያስባል። ሊሰፋም ይችላል። ግን የቫልቩ መቀመጫ በሙቀትና በአቧራ እየተበላ ሲሄድ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ያኔ ክፍተቱ ይጠባል። ጠዋት ለጥቂት ይበቃል። እኩለ ቀን ላይ ሲረዝም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቅተዋል፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር) ያመልጣል፣ እሳትም ቤንዚንም እያለ ሞተሩ አይነሳም። የጭስ ማውጫው ቫልቭ የበለጠ ስለሚግል መጀመሪያ የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ምልክቱን ጆሮሽ ይለየዋል። ስትጠፋ ሞተሪኖው ከጠዋቱ ፈጥኖ፣ ምንም ሸክም እንደሌለበት "ዝዝዝ" ብሎ ይዞራል? ሌላም ልጠይቅሽ። ከላይ የሚሰማው ትንሽ "ጢቅ ጢቅ" የሚል ድምፅ አለ ወይስ ሞተሩ ፀጥ ያለ ነው? ሰው ፀጥ ሲል ደስ ይለዋል። ትንሽ ጢቅታ ጤና ነው፣ ጨርሶ ሲጠፋ ነው መፍራት።

የካንዴላው ቀለምስ ምንድን ነው? ባጃጇንስ ከየት ነው የገዛችኋት?

የሳቢያን ልጅ፦
ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ጠፋችልን፣ ወንድሜ ደወለልኝና ቴስተሩን ይዤ ሄድኩ። ክዳኑን ከፈትን፣ ለውጥ የለም። እሳቱን አየን፣ ሰማያዊ ነው፣ ጠንካራ። ለገሃሬ፣ ጨርቁንም ሞከርን፣ አልተነሳችም። ሞተሪኖው ግን እውነትም ፈጥኖ ነው የሚዞረው! እስከዛሬ ባትሪው ጎበዝ ስለሆነ ይመስለን ነበር። ድምፁም በጣም ፀጥ ያለ ነው፣ "እንዴት ደስ የሚል ሞተር" ይሉን ነበር።

ካንዴላው ነጣ ያለ ነው። የገዛናት ደግሞ ከሐረር ነው፣ አምስት ወር ሆናት። ለምን ጠየቅክ?

ሐረር ሸዋ በር፦
እኔም የፈራሁት እሱን ነበር። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጪ አየሩ ይሳሳል፣ በአንድ ዓይነት ጂግሌር ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ እዚህ አንዳንዱ ቤንዚኑን ይቀንሰዋል፣ ጂግሌሩንም በትንሽ ይቀይረዋል። ያቺ ባጃጅ ድሬ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳታል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ከሚገባው በላይ ይግላል። የነጣው ካንዴላ ያንን ነው የሚናገረው። የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት ቫልቩን ምን እንደሚያደርገው አስቢው።

አሁን ስሚኝ። ሌሊቱን ትደር፣ ክፍተት የሚስተካከለው ሞተሩ ጨርሶ ሲበርድ ብቻ ነው። እስፔሶር ግዙ፣ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ናቸው፣ እያንዳንዱ ላይ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተጽፏል። ካንዴላውን አውጡ፣ ሞተሩን በእጅ ለማዞር ይቀላል። የቫልቩን ክዳን ክፈቱ። ማግኔቱ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ጎማ መሳይ ብረት) ላይ ያለው ምልክት ከሞተሩ ምልክት ጋር እስኪገጥም አዙሩ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ምልክቱ በአንድ ሙሉ ሥራ ሁለት ጊዜ ነው የሚገጥመው። ትክክለኛው ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበት ነው። አሁን የመግቢያው ቫልቭ ወርዶ ተመልሶ ሲዘጋ አይታችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ምልክት ያዙ።

ቁጥሩን እኔ ከዚህ አልነግርሽም፣ በሞተሩ ዓይነት ይለያያል፣ የመግቢያውና የመውጫውም አንድ ላይሆን ይችላል። ከመመሪያው ደብተር ውሰዱት። የማስተካከያዋን ቡሎን የያዘውን ዳዶ ላሉት፣ ቅጠሉን አስገብታችሁ ቡሎኗን አስተካክሉ። ቅጠሉ ሲጎተት ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት፣ መጣበቅ ግን የለበትም። ዳዶውን አጥብቃችሁ እንደገና ለኩ፣ ሲጠብቅ ክፍተቱን ይዞት ይሄዳልና። እኔ እስከ ዛሬ ሁለቴ ሳልለካ ክዳን አልዘጋም።

ካንዴላው ወጥቶ ሞተሪኖ አትምቱ፣ በቀዳዳው የቤንዚን ጭጋግ ይወጣል። ከሰልም ሲጋራም አጠገቡ እንዳይኖር። ሞተሩንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስነሱ፣ ጭሱ ሽታውን ሳታውቁት ይገድላል።

የሳቢያን ልጅ፦
ሠራነው! ዓርብ ማታ አሳደርናት፣ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀመርን። የመውጫው ቫልቭ ላይ በጣም ቀጭኑ ቅጠል፣ 0.05 የሚለው፣ እንኳን አልገባም። ጭራሽ ክፍተት የለም። የመግቢያው ትንሽ አለው። ማግኔቱ ላይ መጀመሪያ በተሳሳተው ምልክት ነበር የያዝነው፣ አንዱ ቫልቭ ተጭኖ አየነውና እንደገና አዞርን። ያን ባትነግረን ኖሮ አበላሽተናት ነበር። ሁለቱንም በደብተሩ ቁጥር አስተካከልን፣ ሁለቴ ለካን።

ገንደ ቆሬ፣ ማራገቢያውንም ከፈትነው። አፈሩን በካቻቪቴ ነው የፋቅነው፣ ግማሽ ጆግ ይሞላል። የአየር ፊልትሮው ቤት ጎማ ደግሞ ተሰንጥቋል፣ አቧራው በዚያ ነበር የሚገባው። እሱን ቀየርን። ጂግሌሩንም ለሞተሩ በሚገባው ቁጥር ቀየርነው፣ የነበረው ያነሰ ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሠርታለች፣ ትናንት እኩለ ቀን ላይ ከሳቢያን ታይዋን ሰፈር ስትመላለስ ውላ አንዴም አልጠፋችም። ጢቅ ጢቅ ትላለች፣ ወንድሜ መጀመሪያ ደንግጦ ነበር። ካንዴላውም ቡናማ እየሆነ ነው።

ሐረር ሸዋ በር፦
ጎበዞች። ደስ ብሎኛል፣ በእውነት። ግን ሁሉም አልቋል ማለት አይደለም። መቀመጫው ከተበላ ክፍተቱ ተመልሶ ይጠባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፈቱና ለኩ። እንዳለ ከሆነ በየዘይት ቅያሪው ማየት ይበቃል። ቶሎ ቶሎ ከጠበበ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ወርዶ ቫልቩና መቀመጫው ይሠራ። ያኔም ቢሆን ፒስተንና ፋሻ ካልተለካ አታስቀይሩ፣ "ለክታችሁ ቁጥሩን አሳዩኝ" በያቸው። ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በሳምንት አንዴ ይታጠብ፣ ደርቆ ዘይት በስሱ ተቀብቶ ይመለስ። የወረቀት ከሆነ አይታጠብም፣ ይራገፋል፣ ሲጠቁር ይቀየራል።

ለገሃሬ 07፦
እንኳን ደስ ያላችሁ አቦ። ቦቢና ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፣ ቅድም ብትገዢው ኖሮ ብርሽን ነበር የማስወጣሽ፣ ይቅርታ። እህቴ ያንን እስፔሶር እሁድ ታውሺኛለሽ? የኔ ሞተር ሰሞኑን በጣም ፀጥ ብሏል።