ከርነሉ 64፣ ፕሮግራሙ 32 ቢት፦ አይኦክትል ስህተት 25 ይመልሳል

ኮዬ_ሮቶ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላሉ ሮቶዎች የውሃ ከፍታ የሚለካ አልትራሶኒክ ሴንሰር በትንሽ የአርም ቦርድ ላይ አለ፤ ድራይቨሩ የራሴ ነው። ፕሮግራሙ በየሰከንዱ በአይኦክትል (ፕሮግራም በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በሥርዓቱ እምብርት፣ ውስጥ ያለን ድራይቨር በኮማንድ ቁጥር የሚጠይቅበት ጥሪ) ይጠይቃል። ሁለቱ የሚለዋወጡት ስትራክት (የመረጃ ጥቅል) ሦስት ነገር ይዟል፦ ሰዓት (አንሳይንድ ሎንግ)፣ ከፍታ (ኢንት)፣ ያለፉት ልኬቶች የሚጻፉበት ባፈር ፖይንተር። ፕሮግራሙ 64 ቢት ሆኖ ኮምፓይል ሲደረግ ይሠራል፤ 32 ቢት ሲሆን ግን ስህተት 25 (ኢኖቲቲዋይ፣ ማለትም ዲቫይሱ ይህን ኮማንድ አያውቀውም) ይመጣል። ሄደር ፋይሉ አንድ ነው፤ ታዲያ ምን ለያያቸው? ወይስ አይኦክትልን ትቼ ወደ ሲስኤፍኤስ (ከርነሉ ዋጋዎችን እንደ ፋይል የሚያሳይበት መንገድ) ልሂድ?

ሰበታ_ሲ
ሄደሩ አንድ ቢሆንም ቁጥሩ አንድ አይደለም። የኮማንድ ቁጥሩን የሚሠራው የሄደሩ ማክሮ የስትራክቱን መጠን ቁጥሩ ውስጥ ይከተዋል። በ32 ቢት 4+4+4፣ 12 ባይት ነው። በ64 ቢት ሎንጉ 8፣ ኢንቱ 4፣ ፖይንተሩ በ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲያርፍ 4 ባይት ባዶ፣ ፖይንተሩ 8፤ 24 ይሆናል። ኮምፓት_አይኦክትልን (ድራይቨሩ የ32 ቢት ፕሮግራም ጥሪዎችን የሚቀበልበትን ቦታ) ካልሞላኸው ደግሞ ጥያቄው ድራይቨርህ ጋ ሳይደርስ ከርነሉ 25ን ይመልሳል።

ሌላም ጉድለት አለ፦ የባፈሩ መጠን የለም። ከርነሉ የት ላይ ማቆም እንዳለበት በምን ይወቅ?

እንዲህ አድርገው፦ ሰዓት በናኖሰከንድ __ዩ64 (ሁልጊዜ 64 ቢት የሆነ ቁጥር፤ __ዩ32 ደግሞ ሁልጊዜ 32 ቢት ነው)፣ የባፈር አድራሻ __ዩ64፣ ከዚያ አራት __ዩ32፦ ከፍታ በሚሊሜትር፣ የባፈር መጠን፣ ፍላግ፣ መጠባበቂያ። በሁለቱም በኩል 32 ባይት፣ መሃል ላይ ባዶ ቦታ የሌለው። መጠኑን በስታቲክ_አሰርት (መጠኑ ከተለወጠ ኮምፓይል እንዳይደረግ የሚከለክል) እሰረው፤ ኮምፓት_አይኦክትል ላይ ኮምፓት_ፒቲአር_አይኦክትልን (ጥሪውን ወደ መደበኛው አይኦክትል የሚያስተላልፍ የከርነሉ ዝግጁ ፈንክሽን) አስቀምጥ።

ፍላጉና መጠባበቂያው ዜሮ ካልሆኑ ኢኢንቫል (የተሳሳተ ግብዓት የሚል ስህተት) መልስ። ዛሬ ዝም ብለህ ካለፍካቸው፣ ነገ ለአንዱ ቢት ትርጉም ስትሰጥ ቆሻሻ ሲልኩ የኖሩ ፕሮግራሞች ይበላሻሉ። ስትራክቱን ከተጠቃሚው አንዴ ብቻ ቅዳ፤ ካረጋገጥክ በኋላ ደግመህ ብትቀዳ ሌላ ትሬድ መሃል ላይ ሊቀይረው ይችላል። ለመቅዳት የምትጠቀምበት ኮፒ_ፍሮም_ዩዘር የሚመልሰው ያልተቀዳውን የባይት ብዛት ነው፤ ዜሮ ካልሆነ ኔጌቲቭ ኢፎልት (የተሳሳተ አድራሻ የሚል ስህተት) መልስ እንጂ ቁጥሩን እንዳለ አታሳልፈው።

ለገጣፎ_ሊኑክስ
ሲስኤፍኤስ ለቅንብር፣ ለምሳሌ ለመለኪያው የጊዜ ልዩነት፣ ጥሩ ነው። ደንቡ አንድ ፋይል አንድ ዋጋ ስለሆነ ግን ሰዓትና ከፍታን ለየብቻ ስታነብ የተለያዩ ልኬቶች ሊደርሱህ ይችላሉ።

በየሰከንዱ መጠየቁንም ተወው። ድራይቨሩ አዲስ ልኬት ሲያገኝ የሚጠብቀውን ፕሮግራም በዌይት ኪው (የጠባቂዎች ወረፋ) ይቀስቅስ፤ ፕሮግራሙ በፖል (መረጃ እስኪመጣ ተኝቶ በሚጠብቅ ጥሪ) ይጠብቅና በሪድ ያንብብ። እያንዳንዱ መዝገብ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ ወረፋው ሞልቶ የተጣለ ልኬት በቁጥሩ መዝለል ይታወቃል።

ሰዓቱን ከግድግዳ ሰዓት አትውሰድ። ባትሪ ያለው የሰዓት ቺፕ የሌለው ቦርድ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ኔትወርክ እስኪያገኝ የተሳሳተ ሰዓት ይዞ ይነሳል። ሞኖቶኒክ ሰዓት (ወደ ኋላ የማይመለስ) ተጠቀም፤ እሱም ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ከዜሮ ስለሚጀምር፣ ፕሮግራሙ የከርነሉን ቡት_አይዲ (ቦርዱ በተነሳ ቁጥር የሚቀየር መለያ) ከልኬቱ ጋር ይመዝግብ።

ኮዬ_ሮቶ
አመሰግናለሁ። የድሮው ባለ 64 ቢት ፕሮግራም ሌሎች ብሎኮች ላይ ተጭኗል። ስትራክቱን ብቀይር ምን ይሆናል?

ሰበታ_ሲ
የድሮውን ኮማንድ እንዳለ ተወው፤ አዲሱን በአዲስ ቁጥር ጨምር። ሁለቱም በአንድ ድራይቨር ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ቱሉ_ዲምቱ
አዲስ ቁጥር ከማውጣትህ በፊት የከርነሉን አይአይኦ ክፍል (የሴንሰር ድራይቨሮች የሚገኙበትን) እይ። ለአልትራሶኒክ ርቀት መለኪያ የሚሆን ድራይቨር አለው፤ በይነገጹም ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል፦ ርቀቱ በሲስኤፍኤስ፣ ተከታታይ ልኬት በካራክተር ዲቫይስ። ሴንሰርህ እዚያ ካለ፣ አንተ ራስህ ሠርተህ የምትንከባከበው በይነገጽ አይኖርም። ሚሊሜትሩን ወደ ሊትር መቀየር ግን ለፕሮግራሙ ተወው፤ የ1,000 እና የ5,000 ሊትር ሮቶ ቅርጻቸው አንድ አይደለም።