ቅጣቱ እጥፍ ሆኖ ነው የደረሰኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የምትነዱ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ የፍጥነት ካሜራ ቅጣት አገኘሁ። የተላከው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወዳለው የድሮ ቤቴ ነው። ፖስታ ቤት አሁን የምኖርበትን የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አድራሻ ቢጫ ወረቀት ላይ አትሞ ለጥፎበታል። ፎቶው ላይ መኪናዬ ከኋላ ትታያለች፤ ታርጋዋ ቁልጭ ብሏል። የእኔ አይደለችም አልልም።

የጨነቀኝ ቀኑ ነው። ዲሲ መልስ ለመስጠት የቀን ገደብ አለው፤ ካለፈ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። እኔ እጅ የገባው ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው። 100 ዶላሩ 200 ሆኗል። ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩትን ልነካ ነው። መቶዋን ዛሬውኑ እከፍላለሁ። ግን ያላየሁትን ወረቀት እንዴት በጊዜው ልመልስ?

ቤት የቀየርኩበት ውል አለኝ። ፖስታውንም ከነቢጫ ወረቀቱ አስቀምጬዋለሁ። በእንዲህ ያለ ማስረጃ ጭማሪው የተነሳለት ሰው አለ? መጀመሪያ መክፈል ይሻላል ወይስ መከራከር? ከከፈልኩ በኋላ «አምነህ ከፍለሃል» እንዳይሉኝ ፈራሁ። የማመልከቻውን አጻጻፍ የምታውቁ በአማርኛም ቢሆን ንገሩኝ፤ ልጄ ወደ እንግሊዝኛ ትመልስልኛለች።