ለድድ ጥገና ስለሚተከል ኅብረ ሕዋስ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት፣ ጎንደር

አስተባባሪ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ድዳቸው ሸሽቶ የጥርሳቸው ሥር ለተጋለጠ ታካሚዎች ስለሚተከለው ኅብረ ሕዋስ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የምናቀርበው ረቂቅ ደርሷችኋል። አንደኛው አንቀጽ በድዱ ላይ የሚሰፋ የኮላጅን (የቆዳና የመሰል ኅብረ ሕዋሳት ዋና ፕሮቲን) ንጣፍ ከውጭ እንዲገዛ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ያላችሁን አስተያየት ብትሰጡ።

የድድ ቀዶ ሕክምና ሐኪም፦ ከግዢ መነሣታችን ትክክል አይመስለኝም። የተጋለጠን ሥር ለመሸፈንም ሆነ ስስ ድድን ለማወፈር ሌሎቹ ስልቶች ሁሉ የሚመዘኑት ከታካሚው ከራሱ ላንቃ በሚወሰደው ተያያዥ ኅብረ ሕዋስ ነው፤ ይህም የሚጠይቀው የሠለጠነ እጅ እንጂ የውጭ ምንዛሪ አይደለም። ከክራንቻው ጀርባ እስከ መጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ባለው የላንቃ ክፍል፣ ከላይኛው ሽፋን ሥር፣ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ ሲወሰድ ምላጩ ከልክ በላይ ከጠለቀ ትልቁን የላንቃ ደም ቅዳ ሊቆርጥ ይችላልና፣ ገንዘቡ በቅድሚያ ለሥልጠና ይዋል እላለሁ።

ረቂቁ ያላነሣው ሌላም ጉዳይ አለ። በአካባቢያችን ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች አሉ። ከላንቃ ከነላይኛው ሽፋኑ ተነሥቶ የሚሰፋው ግራፍት (የሚተከለው ቁራጭ) በጠቆረው ንቅሳት መካከል ሐመር ሆኖ ለዘለቄታው ይታያል፤ ተያያዥ ኅብረ ሕዋሱ ግን ከተነቀሰው ድድ ሥር ስለሚገባ የላዩ ቀለም እንዳለ ይቆያል። ሴትየዋ በንቅሳቷ ከኮራች የስልቱ ምርጫ ከእርሷ ጋር መመከር አለበት፤ ይህም በረቂቁ በግልጽ ይጻፍልኝ።

ነርስ፦ ዶክተር፣ በሥልጠናው እስማማለሁ፤ ሆኖም ታካሚው ሁለት ቁስል ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ አይዘንጋ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግራቸው ከተሰፋው ድድ ይልቅ ላንቃቸው ነው፤ ትኩስ ወጥና ሚጥሚጣ ሲነካው ያቃጥላቸዋል፣ ምግብም ይተዋሉ። ከአክሪሊክ (ከጠንካራ ፕላስቲክ) የሚሠራ የላንቃ መሸፈኛ በበጀቱ ይካተት።

የፋርማሲ ባለሙያ፦ ንጣፉን በተመለከተ ምንጩ ይነገር። በጥርስ ሕክምና በስፋት ከሚታወቁት ምርቶች መካከል ሙኮግራፍት ከአሳማ ኮላጅን የተሠራ ነው፤ ኤምዶጌንም በመፈጠር ላይ ካለ የአሳማ ጥርስ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ አሎደርም ደግሞ ከሞተ ሰው በልገሳ ተወስዶ ሕዋሳቱ የተወገዱለት ቆዳ ነው። በጎንደር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአሳማ ሥጋ ይርቃል። ለሕክምና ሲባል የሚቀበለው ሊኖር ይችላል፣ የማይቀበለውም አለ፤ ውሳኔው የታካሚው እንጂ የእኛ አይደለም። «ኮላጅን» ብሎ ብቻ ማስፈረምን ፈቃድ ማግኘት አልለውም፤ በስምምነት ቅጹ ላይ «ከአሳማ»፣ «ከከብት» ወይም «ከሰው» ተብሎ በማያሻማ አማርኛ ይጻፍ። በተጨማሪም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልፈቀደውን ምርት በእጅ ሻንጣ ማስገባትን ሐሳባችን በምንም መልኩ መደገፍ የለበትም።

ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም፣ ከአዘዞ፦ የምንጩ ጥያቄ የማይነሣበት ሌላ አማራጭ አለ። ሹክሩን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም በ2001 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ፒአርኤፍ (በፕሌትሌት የበለጸገ ፋይብሪን፣ ማለትም ደም ሲረጋ የሚፈጠር የፕሮቲን መረብ) የሚዘጋጀው ከታካሚው ከራሱ ደም ነው። ደሙ ፀረ መርጋት መድኃኒት በሌለበት ቱቦ ተቀድቶ ወዲያው ሴንትሪፉጅ (ደምን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለይ ማሽን) ውስጥ ይገባል፤ በተለመደው አሠራር በደቂቃ 2700 ዙር ለ12 ደቂቃ ይሽከረከራል። ከዚያ ከቀይ ሕዋሳቱ በላይ የረጋው ፋይብሪን ተነሥቶ በዝግታ ተጨምቆ ንጣፍ ይሆናል። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ግን ደሙ ሳይለይ ስለሚረጋ ከማሽኑ ጋር የኃይል መጠባበቂያ የግድ ያስፈልጋል።

የድድ ቀዶ ሕክምና ሐኪም፦ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የላንቃውን ግራፍት ይተካል ብለን አንጻፍ። ፒአርኤፍ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚሟሟ ጠንካራውን ድድ በመጨመር ረገድ ከተያያዥ ኅብረ ሕዋሱ አይስተካከልም። በላንቃው ቁስል ላይ ሲሰፋ ግን ሕመምን ይቀንሳል፣ መዳንንም ያግዛልና ሲስተር ላነሡት ችግር ከመሸፈኛው ጋር ጥሩ መልስ ነው።

አስተባባሪ፦ እንግዲያው አንደኛው አንቀጽ እንዲህ ይታረም፦ «በቅድሚያ ከታካሚው ላንቃ ተያያዥ ኅብረ ሕዋስ የመውሰድ ሥልጠና ይሰጥ፤ ለላንቃው ቁስል የሚሆን ሴንትሪፉጅ ከነኃይል መጠባበቂያውና የአክሪሊክ መሸፈኛ ይቅረብ፤ ከውጭ የሚገባ ንጣፍ የሚታዘዘው የታካሚው ላንቃ ስስ ሲሆን ወይም የሚሸፈኑት ሥሮች ሲበዙ፣ በባለሥልጣኑ ፈቃድና ምንጩ ለታካሚው ከተነገረው በኋላ ብቻ ይሁን።» የንቅሳቱ ጉዳይ ሁለተኛ አንቀጽ ይሆናል፤ ዶክተር እርስዎ ያርቅቁት። የስምምነት ቅጹን የፋርማሲ ባለሙያችን ከሲስተር ጋር አዘጋጅተው እስከ ዓርብ ይላኩልን።