አስቸኳይ! «ቦታው አይታየኝም» ተብሎ ታሪኬ ተመለሰብኝ፤ እስከ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ

የታቦር ልጅ (ማታ 1:40)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አጭር ልብ ወለዴን ያነበቡት አዘጋጅ «ታሪኩ ደህና ነው፤ ግን ቦታው አይታየኝም፤ ሐዋሳ መሆኑን በስሙ ብቻ ነው ያወቅሁት» ብለው መለሱልኝ። ነገ ጠዋት ካላስገባሁ አለፈኝ ማለት ነው። አንቀጹ ይኸው፦
«ከሰዓት በኋላ ነበር። ሐይቁ በጣም ውብ ነበር። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው በሰው ተጨናንቋል። ጀልባዎች ይገባሉ፤ አባ ኮዳዎች ዛፍ ላይ ሆነው ይዘምራሉ። ሰላም በጣም አዝናለች።»
ምን ልጨምርበት?

ሊሊ (1:52)
አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ተጠቀሚ። ለሽታ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለድምፅ አንድ፣ ለቀለም አንድ፣ እንዲህ እያልሽ።

ከአዳማ (1:58)
እህቴ፣ እኔ ጥያቄሽን ራሱን አልቀበለውም። መጨመር ሳይሆን ማውጣት ነው ያለብሽ። «ውብ» የአንቺ ፍርድ ነው፤ እኔ ገና ምንም ሳላይ ፈረድሽልኝ። አዳማ ሞቃት ናት ብዬ ብጽፍ ማንም አያልበውም። የጋሪው ፈረስ የግንብ ጥላ እየተከተለ ሲጠጋ፣ ባለሱቋ ደጇ ላይ ውኃ ስትረጭ፣ አቧራው ወዲያው መልሶ ሲነሳ ብጽፍ ግን «ሞቃት» የሚለውን ቃል አልፈልገውም።

ጡረተኛው መምህር (2:15)
ልጄ፣ ስለ ገላጭ ቃል ከማሰብሽ በፊት ስለ ግሥሽ አስቢ። አማርኛ «አለ»ን ከጎኑ አሰልፎ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ወጣቶቻችን ሲጽፉ ይረሱታል። «ድምጿ ሰበር አለ» ስትዪ ትንሽ ነው፣ ልታስመልሰው ትችላለች። «ስብር አለ» ስትዪ ግን ሙሉ በሙሉ ተሰብሯል። «ከፈት አለ» እና «ክፍት አለ»ም እንዲሁ። ሥሩ አንድ ነው፤ አናባቢው ብቻ ተለውጦ መጠኑን ይነግርሻል። ዱብ፣ ዝርግፍ፣ ቦግ፣ ድርግም፣ እነዚህን ስንናገር በየደቂቃው እንጠቀምባቸዋለን፤ ብዕር ስናነሳ ግን «በጣም» ብለን እንገላገላለን። ሠላሳ ዓመት ድርሰት አርሜአለሁ፤ እንደ «በጣም» ያሰመርኩበት ቃል የለም።

ሊሊ (2:17)
መምህር ልክ ናቸው፤ ግን አምስቱ ስሜቶችም አይረሱ።

መረብ ጠጋኝ (2:31)
እኔ ያደግሁት እዚያው ሐይቅ ዳር ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክዪ። ጀልባዎቹ ከነዓሣቸው የሚገቡት ጠዋት ነው፤ ግርግሩም ያኔ ነው። ከሰዓት ከሆነ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ የሚቀረው መረብ የሚጠግን ሰውና የተረፈ አንጀት የሚጠብቅ አባ ኮዳ ነው። ሁለተኛ፣ አባ ኮዳ አይዘምርም! ድምፅ እምብዛም የለውም፤ መንቁሩን ነው የሚያንቋቋው። የዘመረልሽ ዕለት እኔንም ጥሪኝ። ሦስተኛ፣ «ዓሣ» ብለሽ አትለፊ፤ ቆሮሶ ነው፣ አምባዛ ነው ወይስ ቢልጫ? ቆሮሶ ሲፋቅ ቅርፊቱ ክንድ ላይ ይለጠፋል፤ ደርቆ ቆዳ ይይዛል። አምባዛ ግን ቅርፊት የለውም፣ ያዳልጣል። ጽሑፍሽ ውስጥ ማን ምን እየፋቀ ነው?

ጡረተኛው መምህር (2:38)
ወንድሜ ያሉት ትልቅ ነገር ነው። ለመሆኑ ልጅቱ ለምንድን ነው ያዘነችው? አልነገርሽንም እኮ።

የታቦር ልጅ (2:50)
ይቅርታ ጋሼ፣ የሚታወቅ መስሎኝ ነው። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አርባው ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገበያው መምጣቷ ነው።

ከአዳማ (2:54)
ይህን ነው የደበቅሽን! ታዲያ እሷ «ሐይቁ ውብ ነው» ትላለች? እንዲህ የሚለው ለሽርሽር የመጣ ሰው ነው። እሷ ሐይቁን አታየውም፤ ጀልባ ነው የምትቆጥረው። አንቀጹን ከእሷ ዓይን ጻፊው፤ እሷ የማታየውን ሁሉ ተይው። የአላሙራ ተራራ ከጀርባዋ ቢኖርም ዞራ ካላየችው አይግባ።

መረብ ጠጋኝ (3:05)
እኔም አባቴን ቀብሬአለሁ። እኔን የያዘኝ ጀልባው አልነበረም፤ መቅዘፊያው ነው። የእጁ መያዣ በእሱ መዳፍ ልክ ተበልቶ ነበር። ሌላ ሰው ሲይዘው ማየት አቃተኝ። ከፈለግሽ ውሰጂው።

ሊሊ (3:09)
ነፍስ ይማር ወንድሜ። አምስቱን ያልኩትን ተዪው፤ እሱ አንዱን ብቻ ይዞ ነው ያስለቀሰኝ።

የታቦር ልጅ (4:20)
እግዚአብሔር ይስጥህ መረብ ጠጋኝ። ሞከርኩት፦
«ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። ሰላም የሚገቡትን ጀልባዎች ቆጠረች፤ አስራ አንድ። ደግማ ቆጠረች። ቆሮሶ የሚፍቀው ልጅ ቀና ብሎ አያት፤ ክንዱ ላይ የደረቀውን ቅርፊት በጣቱ እየላጠ ወደ ጎን ጠጋ አለላት፣ አባቷ ሁልጊዜ ወደሚቀመጥበት ድንጋይ። መቅዘፊያውን ሌላ ሰው ይዞታል። የተበላው ቦታ ከሰውየው መዳፍ ጋር አልገጠመም። ሐዘን ልቧን ሞላው።»

ከአዳማ (4:26)
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰርዢና አስገቢው።

ጡረተኛው መምህር (4:31)
እኔም እሷን እሰርዛለሁ። «ጠጋ አለላት» ግን አትነኪው፤ ልጁን በሁለት ቃል አሳየሽኝ።

መረብ ጠጋኝ (ጠዋት 2:15)
ድንጋዩ ጠዋት ላይ በጤዛ እርጥብ ነው። ልጁ ለምትቀመጥ ሴት ከማዳበሪያ ጆንያ ቀዶ ያነጥፍላታል። ካልረፈደ ጨምሪው።